ትንሽ አየር መንገድ አዲስ ጄት ሲገዛ ምን ይገዛል?

ባለፈው ጊዜ ለሥራ ጉዳይ ካምፓላ ሄጄ ስመለስ አንድ የባንክ ባለሙያ ወዳጄ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «እነዚህ ሰዎች አየር መንገዳቸው በየዓመቱ እየከሰረ ለምንድን ነው አዲስ ጄት የሚገዙት? የተጠቀመ አውሮፕላን አይሻላቸውም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄውን ወደ እኔ ያመጣው በአንድ ወቅት በአንድ የበረራ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ጥቂት ዓመታት መሥራቴን ስለሚያውቅ ነው። መልሱ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ አልነበረም። እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልመልስለት፤ አንባቢያንም ስለ አውሮፕላን ግዢ ዜና ሲያነቡ ምን ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ያግዝ ይሆናል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንይ። የኡጋንዳ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ በ2001 የተዘጋ ድርጅት ነው። ወደ ግል ለማዛወር ተሞክሮ ሳይሳካ ቀርቶ ንብረቱ ተሸጦ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመታት አገሪቱ የራሷ ብሔራዊ አየር መንገድ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ የአየር ትርዒት ላይ መንግሥት ከካናዳው ቦምባርዲየር አራት ሲአርጄ 900 ጄቶችን ለመግዛት የተረጋገጠ ትዕዛዝ መስጠቱ ተነገረ። በዚያው ትርዒት ላይ ከኤርባስ ጋር ለሁለት ኤ330-800 ሰፊ አውሮፕላኖች የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሲአርጄዎች በኤፕሪል 2019 ኢንቴቤ ሲያርፉ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ራሳቸው ተገኝተው ተቀበሏቸው። የቀሩት ሁለቱ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ደረሱ። የመጀመሪያው የንግድ በረራ ኦገስት 28 ቀን 2019 ከኢንቴቤ ወደ ናይሮቢ ተደረገ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስናይ አንድ ችግር አለብን። አየር መንገድ ማለት ለእኛ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው፤ ሌላውን ሁሉ የምንለካው በእሱ ነው። ሆኖም የእኛው አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የበረረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ፣ ጭነትና ወታደር ሲያመላልሱ በነበሩ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። አስተዳደሩም በአሜሪካው ቲደብሊውኤ እጅ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ማለትም ቦይንግ 720ዎቹን የተረከበው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በመነሻውና በጄቱ መካከል 16 ዓመታት አሉ። ኡጋንዳ ግን ጄቱን የገዛችው አንድም መንገደኛ ሳታሳፍር በፊት ነው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ዘመኑም ገበያውም ሌላ ነው። ልዩነቱ ግን ወደ ሒሳቡ ስንገባ ትልቅ ቦታ አለው።

የዋጋው ነገር

በ2018 የተነገረው የአራቱ ሲአርጄዎች ዋጋ 190 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአራት ሲካፈል ለአንዱ 47 ሚሊዮን ተኩል ይሆናል። ጋዜጦች ይህን ቁጥር ይዘው «ይህን ያህል ወጣ» ብለው ጻፉ። ይሁን እንጂ ይህ በአውሮፕላን ንግድ ውስጥ የዝርዝር ዋጋ የሚባለው ነው፤ መርካቶ ውስጥ ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ማለት ነው። ማንም አይከፍለውም። እንደ ገዢው ብርታት፣ እንደ ትዕዛዙ ብዛትና እንደ ሻጩ ችግር ብዙ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ትክክለኛው የሽያጭ ዋጋ በውሉ ውስጥ ተቆልፎ ስለሚቀር አንባቢ ስለ አውሮፕላን ግዢ የሚያነበው የመጀመሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእውነቱ የራቀ ነው።

ቁም ነገሩ ግን ከዋጋው ይልቅ አውሮፕላኑ በቀን ስንት ሰዓት አየር ላይ ይውላል የሚለው ነው። ለስሌት ያህል አንድ ጄት 27 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ እንበል። ገንዘቡ በ6 በመቶ ወለድ በ12 ዓመት የሚመለስ ብድር ቢሆን፣ በየወሩ የሚከፈለው 263 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በቀን 10 ሰዓት ቢበር በወር 300 ሰዓት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት የሚደርሰው የአውሮፕላኑ ዋጋ 880 ዶላር ያህል ነው። በቀን 4 ሰዓት ብቻ ቢበር ግን ወርኃዊው 120 ሰዓት ሆኖ የሰዓቱ ድርሻ ወደ 2,200 ዶላር ያሻቅባል። የኡጋንዳዎቹ ሲአርጄዎች 76 መቀመጫ አላቸው፤ 12ቱ የቢዝነስ፣ 64ቱ የኢኮኖሚ ማዕረግ ነው። ከመቀመጫዎቹ 60 በመቶው ቢሞላ 46 ሰው ተሳፈረ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ሰዓት በረራ ላይ አንዱ መንገደኛ ለአውሮፕላኑ ዋጋ ብቻ የሚሸከመው በመጀመሪያው ሁኔታ 19 ዶላር፣ በሁለተኛው 48 ዶላር ይሆናል። ነዳጁ፣ አብራሪው፣ የማረፊያ ክፍያው፣ ኢንሹራንሱ፣ ጥገናው ገና አልተነካም።

ወዳጄ «የተጠቀመ አይሻልም ነበር?» ላለው መልሱ እዚህ ውስጥ ነው። አዲስ አውሮፕላን ውድ የሚሆነው ሲቆም ነው። ቀኑን ሙሉ የሚበር ከሆነ ነዳጅ ስለሚቆጥብና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ጥገና ስለማይጠይቅ ከአሮጌው ሊረክስ ይችላል። በቀን አራት ሰዓት የሚበር ከሆነ ግን አሮጌው፣ ነዳጅ እየጠጣም ቢሆን፣ ያዋጣል። ምክንያቱም አሮጌ አውሮፕላን ቆሞ ቢውል የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። በሒሳብ ክፍል ሳለሁ አለቃዬ በየሰኞው ጠዋት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ የሽያጩን ገቢ ሳይሆን የሳምንቱን የበረራ ሰዓት ነበር። ያን ጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር።

ኡጋንዳ በዚህ በኩል ዕድለ ቢስ ነበረች ማለት ይቻላል። የመጀመሪያ በረራዋን በኦገስት 2019 ጀምራ ገና ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በማርች 2020 በኮቪድ ምክንያት የኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ለመንገደኛ ተዘጋ። የተከፈተው በኦክቶበር ነው። አራት አዲስ ጄቶች ለስድስት ወር ያህል መሬት ላይ ተቀመጡ። ይህን ማንም አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር። አሮጌና ጥቂት አውሮፕላን የነበረው ድርጅት ግን ድንጋጤው ይቀልለት ነበር።

ጄት ወይስ ማራገቢያ?

ሌላው ወዳጄ ያልጠየቀኝ፣ ሆኖም ሊጠይቀኝ የሚገባ ጥያቄ ለምን ጄት ተመረጠ የሚለው ነው። አዲሱ የኡጋንዳ አየር መንገድ በመጀመሪያዎቹ ወራት የበረረባቸው ከተሞች ናይሮቢ፣ ጁባ፣ ዳሬሰላም፣ ሞቃዲሾ፣ ቆየት ብሎም ቡጁምቡራ፣ ሞምባሳና ኪሊማንጃሮ ናቸው። ከኢንቴቤ ናይሮቢ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጁባም እንዲሁ። እንዲህ ላለው አጭር መንገድ ማራገቢያ ያለው ቱርቦፕሮፕ አውሮፕላን የሚያቃጥለው ነዳጅ ከጄት በጉልህ ያነሰ ነው። በሰዓት የሚያጣው ደግሞ ጥቂት ደቂቃዎችን ነው፤ ምክንያቱም ጄቱ ከፍታው ላይ ደርሶ ፍጥነቱን ሳይጠቀምበት መውረድ ይጀምራል። ነዳጅ ደግሞ ለኡጋንዳ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ እኛው ወደብ የሌላት አገር ናት፤ የአውሮፕላን ነዳጇ በኬንያ በኩል በየብስ ተጉዞ ነው የሚደርሰው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ሒሳብ ሠርቶ ነው እ.ኤ.አ. በ2008 ስምንት ኪው 400 ቱርቦፕሮፖችን አዝዞ ከ2010 ጀምሮ ለአገር ውስጥና ለቅርብ ጎረቤት መስመሮች ያዋላቸው። በኋላ ቁጥራቸው ከ20 በላይ ደርሷል። ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይም ጅማ በአውሮፕላን የሄደ አንባቢ ድምፁን ያውቀዋል።

ታዲያ ጄት የሚመርጥ ሰው ተሳስቷል ማለት ነው? አይደለም። ከኢንቴቤ ዳሬሰላም ወይም ሞቃዲሾ ሲኬድ መንገዱ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ እዚያ ጄቱ ፍጥነቱ ይጠቅመዋል። በዚያ ላይ ኬንያ ኤርዌይስ በዚሁ አካባቢ በኤምብራየር ጄቶች ይበራል። ናይሮቢ ላይ የቢዝነስ መንገደኛ ለመንጠቅ የሚፈልግ አዲስ ድርጅት ማራገቢያ ይዞ መቅረብ ይፈራል። መንገደኛው ማራገቢያ ሲያይ «አሮጌ ነው» ይላል፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ቢሆንም እንኳን። ይህ አጉል እምነት ነው፤ ሆኖም ትኬት የሚገዛው ሰው ያለው እምነት ስለሆነ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እኔም ራሴ አንድ ጊዜ አማራጭ አግኝቼ ጄቱን መርጫለሁ።

ስለ መንገደኛው ካነሳሁ የእኛን ጥቅም መደበቅ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ኢንቴቤ የሚበረው የኡጋንዳን ነጋዴ በቦሌ በኩል ወደ ጓንዡ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ አውሮፓ ለማድረስ ነው። የኡጋንዳ አየር መንገድ ኤ330ዎቹን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ተረክቦ ዱባይን በ2021፣ ሙምባይን በ2023፣ ለንደን ጋትዊክን በ2025 ሲጀምር የሚፎካከረው ከእኛም ጋር ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ስለ ኡጋንዳ ጄቶች ሲጽፍ ገለልተኛ ታዛቢ ነኝ ማለት አይችልም። ትናንሾቹ ሲአርጄዎችም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ከጁባና ከቡጁምቡራ ሰው እየሰበሰቡ ኢንቴቤ ላይ ለትልቁ አውሮፕላን ማቀበል። ትልቁ አውሮፕላን ከቆመ ወይም መስመሩ ካልሞላ የትንሹ መኖር ግማሽ ምክንያቱን ያጣል።

የሚዘጋ ፋብሪካ

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይህኛው ነው። ሲአርጄ የሚባለው ቤተሰብ በሰማይ ላይ መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሲአርጄ 900 ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ሲበር የቆየ፣ ባሕርይው የታወቀ፣ በአሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንድሞች ያሉት አውሮፕላን ነው። ለአዲስ ድርጅት የታወቀ አውሮፕላን መምረጥ ብልህነት ነው። ነገር ግን በጁን 2019፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጄቶች ኢንቴቤ ካረፉ ከሁለት ወር በኋላ፣ ቦምባርዲየር የሲአርጄ ሥራውን በ550 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓኑ ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ሽያጩ በጁን 2020 ተጠናቀቀ። ሚትሱቢሺ የገዛው አዲስ አውሮፕላን ለመሥራት አልነበረም፤ የጥገናና የመለዋወጫ ሥራውን ፈልጎ ነው። የመጨረሻው ሲአርጄ በ2021 መጀመሪያ ለአንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ተሰጥቶ መስመሩ ተዘጋ።

ይህ ማለት ኡጋንዳ የገዛችው ከመጨረሻዎቹ አንዱን ክምር ነው። ወዲያው የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ መለዋወጫ ለብዙ ዓመታት ይመረታል። ሆኖም ድርጅቱ ቢያድግና አምስተኛና ስድስተኛ ቢፈልግ አዲስ ማግኘት አይችልም፤ ወይ ያገለገለ ይፈልጋል ወይም ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ይጨምራል። ሁለት ዓይነት ማለት ሁለት ዓይነት አብራሪ፣ ሁለት ዓይነት መካኒክ፣ ሁለት መጋዘን መለዋወጫ ነው። ኡጋንዳ ከሁለቱ ኤ330ዎች ጋር ገና ከመነሻው በስድስት አውሮፕላን ሁለት ዓይነት አላት። አንድ ሞተር ወደ ፋብሪካ ሲላክ የሚተካው መጠባበቂያ ሞተር ለአራት ጄት የሚገዛ ከሆነ ወጪው ለአራት ይካፈላል፤ 40 ጄት ያለው ድርጅት ግን በጥቂት መጠባበቂያ ሞተር ይበቃዋል። ትንሽ አየር መንገድ ሁልጊዜ የሚጎዳው በዚህ ነው። የጄቱ ዋጋ ለትልቁም ለትንሹም ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል፤ የመጋዘኑ ዋጋ ግን ፈጽሞ ተመሳሳይ አይሆንም።

በአንጻሩ አዲስ ዲዛይን የመረጠችው ታንዛኒያ የደረሰባት ሌላ ነው። ኤር ታንዛኒያ በዲሴምበር 2018 ኤርባስ ኤ220-300 በመረከብ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ቆጣቢና ጸጥ ያለ ነው፤ ችግሩ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተሩ ነው። ሞተሮቹ ከታሰበው ቀድመው ለጥገና መውረድ ጀመሩ፤ ተተኪ ሞተር ደግሞ በዓለም ዙሪያ ጠፋ። ከ2022 ጀምሮ የኤር ታንዛኒያ ኤ220ዎች በተራ በተራ መቆም ግድ ሆነባቸው። 12 ኤ220 የነበረው ግብፅ ኤር እንኳን በ2024 ሁሉንም ሸጦ ተገላግሏል። እንግዲህ የታወቀውን ብትገዛ ፋብሪካው ይዘጋል፤ አዲሱን ብትገዛ ሞተሩ አይበስልም። ትልቅ ድርጅት ሁለቱንም ይቋቋማል።

የማን ንብረት ነው?

ከታንዛኒያ ሳንወጣ አንድ ሌላ ነገር ላንሳ። የኤር ታንዛኒያ አውሮፕላኖች የአየር መንገዱ አይደሉም፤ መንግሥት በራሱ የበረራ ኤጀንሲ በኩል ገዝቶ ያከራየዋል። በመንግሥት ጥሬ ገንዘብ የተገዙ ስለሆነ የወለድ ጭንቀት የለም፤ በጊዜው በብዙዎች ዘንድ ተመስግኗል። ይሁን እንጂ በኦገስት 2019 ከኤ220ዎቹ አንዱ ጆሃንስበርግ ላይ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታገደ። ምክንያቱ ከአውሮፕላን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ በ1980ዎቹ በታንዛኒያ መሬቱ የተወረሰበት አንድ ገበሬ ካሳዬ አልተከፈለኝም ብሎ ነው። አውሮፕላኑ የመንግሥት ንብረት ከሆነ የመንግሥት ባለዕዳነት ይከተለዋል። በሚቀጥለው ወር ፍርድ ቤቱ እግዱን አንስቶ አውሮፕላኑ ተለቀቀ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት በ2017 አንድ ኪው 400 ገና ሳይረከብ ካናዳ ላይ በሌላ የዕዳ ክስ ተይዞ ቆይቶ ነበር።

የባንክ ባለሙያው ወዳጄ እዚህ ላይ ጆሮውን ቀሰረ። አበዳሪ ለአውሮፕላን ገንዘብ ሲሰጥ የሚፈራው ይህንኑ ነው፤ ንብረቱ የት አገር፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል የሚለውን። የኬፕታውን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል የአበዳሪውን መብት የሚያስከብር ሲሆን፣ የአውሮፕላኑ ፕሮቶኮል በ2006 ሥራ ላይ ሲውል ኢትዮጵያ ካጸደቁት ጥቂት የመጀመሪያ አገሮች አንዷ ነበረች። ብዙ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድን ስኬት ከአብራሪዎቹና ከጥገናው ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ርካሽ ብድር ማግኘቱን፣ ከጀርባውም ያለውን ይህን የመሰለ የማይታይ የወረቀት ሥራ የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ሩዋንዳ ሦስተኛውን መንገድ ሄደች። መጀመሪያ በኪራይ፣ ቀጥሎ ያገለገሉ ሲአርጄ 200ዎችን በመግዛት ገበያውን አጠናች። ከዚያ በ2011 አዲስ ቦይንግ 737-800፣ በ2012 ደግሞ ሁለት አዲስ ሲአርጄ 900 አመጣች። የሩዋንዳየርን ቦርድ በሊቀመንበርነት ከመሩት አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀድሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ግርማ ዋቄ ናቸው። ደረጃ በደረጃ መውጣቱ ሩዋንዳን ከመንግሥት ድጎማ አላወጣትም፤ ነገር ግን የትኛው መስመር ስንት መቀመጫ እንደሚሞላ ሳታውቅ አዲስ ጄት ከመረከብ አድኗታል።

ወደ ኡጋንዳ ልመለስ። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ሪፖርት እንደሚያሳየው አየር መንገዱ በ2022/23 የበጀት ዓመት 324.9 ቢሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ ከስሯል፤ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። በ2023/24 ኪሳራው ወደ 237.8 ቢሊዮን ወርዷል። ተቃዋሚዎች የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ደጋፊዎች የሁለተኛውን ቅናሽ ይዘው ይከራከራሉ። እኔ ግን ሁለቱም ቁጥሮች ስለ ሲአርጄዎቹ የሚነግሩኝ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱ ትላልቅ ኤ330ዎች ወጪና የእርጅና ተቀናሽ በአንድ ድምር ተቀላቅሏል። አራቱ ትናንሽ ጄቶች ለብቻቸው ቢታዩ ናይሮቢና ጁባ ላይ ወጪያቸውን ይሸፍኑ ይሆን? ይህን ለማወቅ በየመስመሩ የተለየ ሒሳብና የእያንዳንዱ አውሮፕላን የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል።

ካምፓላ ያገኘሁት አንድ ኡጋንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ኪሳራው ሳነሳበት ፈገግ ብሎ፣ «መንገድም እኮ ያከስራል፤ አስፋልት ትርፍ ሲያመጣ አይተህ ታውቃለህ?» አለኝ። መልስ ለመስጠት ሞከርኩ፤ መንገድ ሁሉም ሰው ይሄድበታል፣ አውሮፕላን ግን ጥቂቱ ነው የሚሳፈርበት አልኩት። እሱም ከጁባ መጥቶ ካምፓላ የሚታከመውን፣ የሚማረውን፣ ዕቃ የሚሸምተውን ሰው ቆጠረልኝ። ክርክሩ ሳያልቅ መኪናው ኢንቴቤ ደረሰ። ወደ አዲስ አበባ የምመለስበትን አውሮፕላን እየጠበቅሁ በመስኮት ስመለከት ከሲአርጄዎቹ አንዱ ቆሞ ነበር፤ ሰዓቴን አየሁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። እኔ ተሳፍሬ እስክነሳ ድረስ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።